ሬኒን የተባለው ሰው

«ተሻለች፣ ሬኒን የት ነው የተደበቀው?» አለኝ ጓድ ቱሉ፣ ለሦስተኛ ጊዜ።

የፊጥኝ ታስሬ የቀበሌው አዳራሽ ሲሚንቶ ላይ በሆዴ ተኝቻለሁ። እሱ ከከፍተኛው ጽሕፈት ቤት የተላከ ካድሬ ነው፤ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሕክምና ትምህርት ደብተሬን ያገላብጣል። ለፈተና እንዲያዝልኝ ዳር ላይ በአማርኛ የጫርኳትን አንዲት መስመር ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበባት። «ደም ሲያንስ ሬኒን ይነሳል፤ ግፊቱም ይጨምራል።» ለእሱ፣ ወይ በጓድ ሌኒን ስም ቀልጃለሁ፣ ወይ ሬኒን የሕቡዕ ስም ነው። ሦስተኛ ነገር አልታየውም።

ሰው አይደለም፣ ኩላሊት የሚያመነጨው ነገር ነው አልኩት።

«እንግዲያው ከኩላሊቷ ይውጣ» አለ። «በላት።»

መግረፊያውን ጎማ የያዘው ዱባለ ነው። አብዮት ጠባቂ ከመሆኑ በፊትም በኋላም የአጥር ጎረቤታችን ነው። እጁን ሰማይ ድረስ ያነሳና አብዛኛውን ሲሚንቶው ላይ ያሳርፈዋል። እኔም የባሰ እንደተመታ ሰው እጮሃለሁ። እስካሁን በሕይወት ያቆየኝ እሱ ነው።

ይህን እያወቅኩ፣ ሞኝነቴ፣ ምስክር አደረግኩት።

«ዱባለን ይጠይቁት» አልኩ። «ቅዳሜ ራሴን ፈለጠኝ ብሎ ቤታችን መጥቶ ነበር፤ ደም ግፊቱን ለካሁለት። ሬኒን እሱም ውስጥ አለ። እንዲያውም ሳይበዛበት አይቀርም።»

ወደ አየር ጤና የሚሄድ አውቶብስ በውጭ እያቃሰተ አለፈ። ጓድ ቱሉ ደብተሩን ከደነና ሽጉጡን ጠረጴዛው ላይ አኖረው። አፈሙዙ ወደ እኔ አልዞረም።

«ቤቷ ትሄዳለህ?» አለው።

ዱባለ አላውቃትም አለ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ከአንድ ቧንቧ ውሃ ቀድተናል።

«እንግዲያው አሳየኝ።»

የሚቀጥለው ጎማ ሲሚንቶውን አልነካም። ግራ ጎኔ ላይ፣ ልክ ኩላሊቴ ላይ አረፈ። ሁለተኛውም እዚያው። ሦስተኛውም። ጠላሁት፤ ከቱሉ አብልጬ ጠላሁት። ለመጮህ አፌን ብከፍት ድምፅ አልወጣም።

ትኩስ ነገር ማጅራቴ ላይ ጠብ አለ። የራሴ ደም መስሎኝ ነበር። አንገቴን ሳዞር ከዱባለ አፍንጫ ነው የሚንጠባጠበው። ዓይኑ ቀልቷል፣ የግንባሩ ደም ሥር ተገትሯል፣ እጁ ግን ሌላ ሊያወርድ እየተነሳ ነው።

ቅዳሜ ጨውና ንዴት ይቅርብህ ብዬው ነበር።