በጸሎት ያስቧቸው

ዓሣ አርቢዋ፣ የዓሣ ጫጩቶቿ ሰኞ ጠዋት መሞት ሲጀምሩ፣ መላው ጠፋት። ውኃውን ቀየረች፣ ሙቀቱን አስተካከለች፤ ጠብ የሚል ነገር የለም። ጫጩቶቹ የሚበሏቸውን ደቃቅ የውኃ ነፍሳት በእንቁላል አስኳል የሚያደልቡላት አዛውንቱ ጋሽ አጥናፉ ናቸው።

«እባክዎ ጋሼ፣ እርስዎ እንኳ በጸሎት ያስቧቸው» አለቻቸው።

ነገሩ እየባሰ ሄዶ ሐሙስ ጠዋት ገንዳው በሬሳ ነጣ። ነፍሳቱን በማጉያ መነጽር አየቻቸው፤ ሆዳቸው ባዶ ነው። እንቁላሉም አልተነካም።

«ጋሼ! ምን ሲያበሏቸው ሰነበቱ?»

«ምን አበላለሁ፣ ልጄ» አሉ፤ ከንፈራቸው ደርቆ ተሰነጣጥቋል። «ጸሎት ያለ ጾም ይሆናል እንዴ? ነነዌ እኮ የዳነችው ከብቱ ሳይቀር ጾሞ ነው። ይኸው አብረን ጾመናል።»