እትዬ ዘርፌ የያዙልን ሕመም

ሕመምን በመጨባበጥ መዋዋስ ከተጀመረ ወዲህ፣ የሳይነሴን ሥቃይ ከባለቤቴ ከማሕደር ጋር በየቀኑ እንፈራረቃለን። የሰውነቴ መከላከያ የገዛ አፍንጫዬን ስለሚያጠቃ በሽታው አይድንም፤ ሕመሙን ግን አንዳችን መያዝ አለብን። ብርሃን ስለሚያባብሰው መጋረጃችን ሁልጊዜ ዝግ ነው። ሁለታችንም ደህና ሆነን የበላነውን ምሳ አላስታውስም።

የተጋባንበት ቀን ሲደርስ ጎረቤታችን እትዬ ዘርፌ፣ «እስከ ማታ እኔ ልያዝላችሁ፤ ጎረቤት ለመቼ ነው?» አሉና፣ ሕመሙን ገና ለማሕደር ሳላስተላልፍ እጄን ጨበጡ።

መጋረጃውን ከፈትን። ማሕደር ጥብስ አቀረበች። ገና ከመቀመጣችን እትዬ ዘርፌ ከግድግዳው ማዶ ሲያቃስቱ ተሰማን።

«ጎንበስ እንዳይሉ ነግረሃቸዋል?»

«ረሳሁ።»

ሳንቀምስ ተነሥተን ሄድን። እትዬ ዘርፌ ግንባራቸውን በሻሽ ጠፍረው በሩን ከፈቱና ማሕደርን አፍጥጠው አዩዋት። «ይሄን ተሸክመሽ ነው እንዴ ስታስቂኝ የከረምሽው?»

«እኔ ልውሰደው» አልኩ።

«ዞር በል! ትናንት አንተ ነበርክ» አለችና ጨበጠቻቸው።

ቤት ገብተን መጋረጃውን ዘጋሁላት። ጥብሱ አልቀዘቀዘም ነበር። አንድ ጊዜ አጎረስኳት፤ ማኘኩ ስላመማት የቀረውን ብቻዬን በላሁ።

«ጨው በዛበት?» አለችኝ ዓይኗን እንደጨፈነች።

«ልክ ነው» አልኳት።