የሲስተር ይታይሽ ቁልቁለት

በድብ ዋሻ ተራራ ባለሞተር ተሽከርካሪ ከታገደ ስድስት ዓመት አልፏል። የመኪና ንዝረት አፈሩን አንሸራቶ አንድ መንደር ከቀበረ ወዲህ አምቡላንስ እንኳ አይወጣም። አዋላጇ ሲስተር ይታይሽም በአርባ ዘጠኝ ዓመቷ ብስክሌት መልመድ ጀመረች።

በአራተኛው የልምምድ ቀን ረፋድ ላይ ከታችኛው መንደር ተደወለ። ምጥ የያዛት ሴት ደም እየፈሰሳት ነበር።

"ቁልቁለቱን እኮ ገና አልሞከርሽውም" አላት የሚያለማምዳት ባሏ አስናቀው። ድሮ የአምቡላንስ ሾፌር ነበር።

"በእግሬ ሦስት ሰዓት ይፈጃል። ምራኝ።"

አፋፉ ላይ ሲደርሱ ፍሬኑን ጨምድዳ ያዘች።

"ከኮርቻው ተነሺ!" ብሎ ጮኸ በራሱ ብስክሌት ከፊቷ እየወረደ። "ፔዳሎቹን እኩል አድርጊ፣ ወገብሽን ወደ ኋላ! የፊቱን ፍሬን ጨምድደሽ አትያዢው፣ ዳበስ ብቻ!"

ጎማው ጠጠሩ ላይ ተንሸራተተ። ዓይኗ አንድ ትልቅ ድንጋይ ላይ ተተከለ፤ ብስክሌቱም ወደዚያው አመራ።

"ድንጋዩን አትዪ! መሄጃሽን እዪ!"

አንገቷን በግድ አዞረች። ብስክሌቱ ተከተላት፤ ድንጋዩን ለጥቂት ስታ አለፈች።

ቤቱ ስትደርስ በሩ ያለ መዝጊያ አፉን ከፍቶ ቀርቷል። ከእገዳው ወዲህ በዚያ መንደር መዝጊያ በቀላሉ እንዲነቀል ሆኖ ነው የሚገጠመው፤ የበሽተኛ ቃሬዛ እሱ ነውና። ሴትየዋን መዝጊያው ላይ አስተኝተዋት፣ ስድስት ወንዶች ሊያነሱ ጎንበስ ብለዋል።

"አስቀምጧት" አለች ይታይሽ፣ ጓንት እያጠለቀች።

ከቀትር በኋላ ሕፃኗ አለቀሰች። አባትየው መዝጊያውን ከደሙ አጥቦ ወደ ቦታው መለሰና፣ እናትና ልጅን ብርድ እንዳይመታቸው ቀስ አድርጎ ዘጋው።