የዓሦቹ ውሃ

ሳሎን ባስቀመጠው የጨው ውሃ ገንዳ ውስጥ ያሉት ሁለት ዓሦች እንቅልፍ ነስተውታል። ትርፍራፊ ምግብ ሲበሰብስ የሚፈጠረው ናይትሬት አልወርድ ብሏል፤ የመለኪያውን ጠብታ ባንጠባጠበ ቁጥር ብልቃጡ ቀይ ይሆናል። በየሳምንቱ ውሃ ቀየረ። ምግባቸውን በቀን አንድ ቁንጥር ብቻ አደረገው። ብልቃጡ ጭራሽ ደም መሰለ።

«በረሃብ ልትጨርሳቸው ነው?» አለችው እናቱ፣ ከገንዳው አጠገብ ካለው ሶፋዋ ላይ ሆና።

«እማዬ፣ የሚገድላቸው እኮ ጥጋብ ነው!»

ደግነቱ እሷ እያገገመች ነው። ሐኪሙ «ካልበሉ ሆስፒታል ይተኛሉ» ብሎ ካስጠነቀቃት ወዲህ ሳህኗ ጥርግ ብሎ ነው የሚመለሰው።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ገንዳውን ሊያጸዳ ትልቁን ድንጋይ አነሳ። ሩዝ አገኘ። ካሮት አገኘ። ከሥሩ ደግሞ ጠዋት ለአራት ቆርጦ የሰጣት እንቁላል አለ፤ አራቱም ቁራጭ።