ቆሻሻው ኮድ

«ይሄን ቆሻሻ ኮድ የጻፈችው ሴትዮ አሁኑኑ ትምጣልኝ!» ብሎ ፕሮግራመሩ ጠረጴዛውን በቡጢ ነረተው።

የክትባት ጣቢያዎቹ ሲስተም ከትናንት ጠዋት ጀምሮ አልሠራም ብሏል። የነርሶቹ ስልክ ፋታ ነስቶታል። እሱ በጃቫ የፕሮግራም ቋንቋ የሠራው አዲሱ ፕሮግራም በየወሩ የተከተቡትን ሕፃናት ብዛት የሚያገኘው በሲ ቋንቋ ከተጻፈ፣ ላይብረሪ ከሚባል የድሮ የኮድ ስብስብ ነው። አሁን ግን በጠየቀው ቁጥር ያለ አንዳች የስህተት መልእክት ድርግም ይላል።

የላይብረሪው ጸሐፊ ወይዘሮ ብርዛፍ ከጎረቤት ክፍል ሰምተውት ኖሮ በሩን በርግደው ገቡ።

«ዓመቱን ሙሉ ሲሠራልህ ከርሞ ዛሬ ቆሻሻ ሆነ?» አሉት ቱግ ብለው። «የእኔ ኮድ ቁጥሮቹን የሚጽፈው አንተ በሰጠኸው ሚሞሪ ላይ ነው። ቦታው ካነሰው አልፎ የሌላውን ይረግጣል፣ ፕሮግራምህም ይሞታል። ለስንት ወር ነው ቦታ የሰጠኸው?»

«ለአሥራ ሁለት ነዋ!» ብሎ አምባረቀባቸው። «ዓመት ከዚያ በላይ ወር አለው እንዴ?»



ወይዘሮ ብርዛፍ ከጀርባው ከተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ የዕለቱን ቅጠል ገንጥለው ኪቦርዱ ላይ አስቀመጡለት።

ጳጉሜን ፪።