ዜሮ ሲጫኑ

ፕሮግራመሩ ሥራው ለባዕድ እንጂ ለቤቱ ደርሶ አያውቅም። ስትሮክ የእናቱን አንደበት ከዘጋው በኋላ ግን ቁጥር እየተጫነች የምትናገርበት ፕሮግራም ሠራላት። ጌጥ የለውም፤ ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ጽሑፍ። ዋናው ገጽ ላይ አንድ ውሃ ነው፣ ሁለት ሕመም፣ ሦስት ሰው መጥራት። ዜሮ ወደ ኋላ ይመልሳል።

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ባይ ነው። እሱ ሥራ ሲውል፣ የምታስታምማት የአክስቱ ልጅ ምን እንደምታደርጋት በምን ይታወቃል? ስለዚህ በሕመም ገጽ አናት፣ አንድ ቁጥር ላይ «ሰው መታኝ» የሚል አስገባ። ሰው መጥሪያውን ገጽ ደግሞ እንደ አዲስ ከመጻፍ ብሎ፣ ከሕመም ሥር ካሉት ገጾች አንዱን ገልብጦ ቃላቱን ቀየረ። ገጾቹን ለየብቻ ከፍቶ ሞከራቸው። ሠሩ።

የእናቱ ዓይን ፊደል አይለይም፤ የኪቦርዱን ቁጥሮች በጣቷ ዳብሳ አጠናች። መጀመሪያ ሰው እንድትጠራ፣ ከዚያ በዜሮ ተመልሳ የፈለገችውን እንድትጠይቅ አስተማራት።

እሁድ ጠዋት እሱ እናቱ አጠገብ ተቀምጧል፤ የአክስቱ ልጅ ጓሮ ልብስ ታጥባለች። እናቱ ሰው መጥሪያው ውስጥ ገብታ የልጅቷን ስም መረጠች። ትንሽ ዳበስ ዳበስ አድርጋ እንደገና ተጫነች። ስክሪኑ ላይ «ሰው መታኝ» ወጣ።

ደሙ ፈላ። ድገሚልኝ አላት። ደገመችው።

ልጅቷን ጠርቶ ያላወረደባት ስድብ የለም። እሷም ማለች፣ ተገዘተች፤ ከዚህ ቤት ሌላ መግቢያ እንደሌላት እያለቀሰች ነገረችው።

«በእጄ የማጎርሳትን አክስቴን እኔ ልምታት?»

«ራሷ ነገረችኝ። ከእናቴና ካንቺ ማንን ልመን?»

ልብሷን እንደራሰ በፌስታል ጠቅጥቃ ወጣች። በሩ ሲዘጋ እናቱ ማልቀስ ጀመረች። እፎይ ያለች መስሎት እንባዋን ጠረገላት።

«አይዞሽ እማ፣ ከእንግዲህ ማንም አይነካሽም።»

እሷ ግን በደረቀ ከንፈሯ እየቃተተች ያንኑ ትጫናለች። የልጅቷ ስም፣ ሰው መታኝ። እንደገና የልጅቷ ስም፣ ሰው መታኝ። ምን ያህል ብታሰቃያት ነው ፍርሃቱ ያልለቀቃት ብሎ፣ ያንን ስም ከገጹ ሊያጠፋው ፕሮግራሙን ከፈተ።

ከስሟ ሥር፣ ዜሮ ሲጫኑ ወደ ዋናው ገጽ መመለስ ሲገባው ወደ ሕመም ገጽ ይመልስ ነበር፤ እናቱ ያቺን ልጅ ጠርታ፣ አንድን ተጭና የጠየቀችው ውሃ ነው።