የፎንቴሎ ስም

ጸሐፊው ብዕሩን ለሦስተኛ ጊዜ ቀለም ነከረ። ፖስታው ወደ ሊዝበን የሚነሣው ቀትር ላይ ነው፤ ቅጹ ላይ የቀረው ደግሞ አንድ ቃል ብቻ ነው። ንጉሡ ለቤልሺዮር የባሮንነት ማዕረግ ፈቅደዋል፣ ባሮን ግን ያለ ቦታ ስም ባሮን አይባልም።

«ፎንቴሎ» አለ ቤልሺዮር። ይህችን ቃል አርባ ዓመት ሙሉ ሲያስባት ኖሯል። በአሥራ ሁለት ዓመቱ ፎንቴሎ ከሚባለው የወላጆቹ ቁራሽ መሬት ተነሥቶ ብራዚል ወረደ፣ እዚያ ሱቅ ውስጥ ቆሞ ሸበተ፣ ተመልሶም ለመንደሩ ትምህርት ቤት ሠራ። ሹመቱ የመጣለት በዚሁ ነው።

ታላቅ እህቱ ኪቴሪያ በሩ ሥር ቁጭ ብላ በቆሎ ትፈለፍል ነበር። እጇን ገታ አደረገች።

«እኔስ ከነገ ጀምሮ ማን ልባል?»

መጀመሪያ አልገባውም። እዚህ አገር ድሀ የሚጠራው በአባቱ ስም ሳይሆን በሚያርሰው መሬት ነው። እሷን ቄሱም ጎረቤቱም የፎንቴሎዋ ኪቴሪያ ነው የሚሏት። ይህን እንዴት ረሳው!

«እትዬ፣ ስሙ ለሁለታችንም ይበቃል።»

«የት ይበቃል! አንተ የፎንቴሎ ባሮን ስትሆን እኔ የባሮኑ እህት ነኝ፣ አለቀ። እማዬ እዚያው እየኮተኮተች ስትወድቅ ያነሣኋት እኔ ነኝ። መሬቱን ከፈለግህ ውሰደው። ስሜን ግን ተውልኝ።»

ቤልሺዮር ሊቆጣ ዳድቶት ነበር፣ ግን የስም ነገር ይገባዋል። እሱን መንደሩ የሚጠራው ብራዚላዊው እያለ ነው። ያ ሁሉ ልፋት ይህን ስም ከላዩ ለማውለቅ ነበር።

ጸሐፊው ጉሮሮውን ጠረገና የወረዳውን ቦታዎች ዝርዝር አወጣ፤ ጌታዬ ደስ ያላቸውን ይምረጡ ብሎ የወፍጮውን ሰፈር፣ የወይኑን ቁልቁለት፣ የወንዙን ዳር አነበበለት። በየስሙ፣ በዚያው ስም የሚጠራ አንድ አንድ ሰው ፊቱ ድቅን አለበት።

«ሰው የማይኖርበት የቱ ነው?»

«ፔኛ ሴካ አለ፣ ጌታዬ። ግን ድንጋይ ብቻ ነው፤ ፍየል እንኳ አይወጣበትም።»

«እሱን ጻፍ።»

ጸሐፊው ጻፈ፣ ወረቀቱን አሸገ፣ እንኳን ደስ አለዎት ብሎ እጅ ነሥቶ ወጣ። ባሮኑ በሩ ላይ ቆሞ ሲሄድ አየው።

«እትዬ፣ ፔኛ ሴካ በየት በኩል ነው?»

ኪቴሪያ በያዘችው ቆረቆንዳ ከወንዙ ማዶ አመለከተችው።